የወረቀት ታላቅ እህት

በመንግሥት ፋይል ውስጥ እኔ ከወንድሜ በስድስት ዓመት እበልጣለሁ። ከእናቴ ማህፀን ግን እሱ በአራት ዓመት ቀድሞኝ ነው የወጣው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም ድሮ እስቅ ነበር። ወንድሜ «ታላቅሽን አክብሪ እንጂ!» ሲለኝ «የምታከብረኝስ አንተ ነህ፤ ሂድና ፋይልህን እይ!» እለው ነበር። ቤት ልሥራ ብዬ ባንክ ደጅ እስክቆም ድረስ ነገሩ ለሁለታችንም ጨዋታ ነበር።

ጨዋታው የመጣው ከሥራ ፍለጋ ነው። አባታችን ጎሬ ሲሞት ገና አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ መቱ ተላላኪ ሆኖ ተቀጥሮ ስለነበር እኔንም ይዞኝ ሄደ። ታይፕ ተምሬአለሁ፤ ጣቶቼ ፈጣን ናቸው፤ የጎደለኝ ዕድሜ ብቻ ነበር። እሱ መሥሪያ ቤት ስንጠይቅ ክፍት ቦታ ያለው ጋምቤላ ነው አሉ። ቆላ ነው፣ ወባ አለበት፣ ሴት ልጅ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት ካልሞላት ወደዚያ አንመድብም አሉ። ወንድሜ ምን ቆርጦት ያቅማማል! «ሃያ አንዷን ደፍናለች» አለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። የለበስኩት የእናቴን ቀሚስ ነበር፤ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ። ከዚያ ጻፈው። ስንወጣ ጋሼ ትከሻዬን ይዞ «በአንድ ቀን ስድስት ዓመት አደግሽ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» አለኝና ሻይ በቦምቦሊኖ ጋበዘኝ። ጋሼ ነበር የምለው፤ ከእሱ ሌላ ታላቅ የለኝም።

በሁለተኛው ዓመት እሱ ራሱ የመምህራን ማሠልጠኛ ሊገባ ሲል ዕድሜው በለጠበትና አራት ዓመት ቀነሰ። በዚያ ዘመን ዕድሜ እንደ ሱሪ ነበር፤ ያጠረው ይረዝማል፣ የረዘመው ያጥራል። ማን የልደት ወረቀት ነበረውና! የአካባቢው ተወላጅ ባልደረቦቼማ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲገቡ አስተማሪው በግምት የሰጣቸውን ቀን ይዘው የቀሩ ነበሩ። እኛ ቢሮ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች በአንድ ቀን ነው የተወለዱት። ማንም ማንንም አይጠይቅም ነበር።

ጋምቤላ ሃያ ዓመት ኖርኩ። ወንድሜም ከኋላዬ ተመድቦ መጣ፤ መጀመሪያ አስተማረ፣ ከዚያ ፑኝዶ ስደተኞች ካምፕ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሠራ፣ በመጨረሻ ትምህርት ቢሮ ገባ። እኔ አግብቼ ፈታሁ። ወልጄም አላውቅ። ደመወዜ ሲጨምር ኪራዩም ይጨምራል፤ የምኖረው ባሮ ወንዝ ድልድይ አጠገብ በአንዲት ጭቃ ቤት ነው። ከዚያ ክልል ሆንን። ትናንት አውራጃ የነበረው በአንድ ጊዜ ቢሮ በቢሮ ሆነ፤ ወንበር ሳይመጣ ኃላፊ ይመጣል። ሦስት ቢሮ በአንድ የጽሕፈት መኪና እየተሻሙብኝ፣ በዚያ ሙቀት ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ እያለ እጽፍ ነበር። እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኝ ነበር። አዲስ ነገር ነበረ፤ ሰው ሁሉ ይቸኩላል።

ማዘጋጃ ቤቱ ለመንግሥት ሠራተኛ ቦታ መስጠት የጀመረው ያኔ ነው። ለእኔም ከገበያው ወዲያ፣ አንድ የማንጎ ዛፍ ያለበት ቦታ ደረሰኝ። ካርታዬን በተቀበልኩ ቀን ቦታዬ ላይ ሄጄ ብቻዬን ቆምኩ። እዚህ መኝታ ቤት፣ እዚህ ማድ ቤት፣ እዚህ በረንዳ እያልኩ በእግሬ መሬቱን ጫርኩት። ባል ይሄዳል፣ አከራይ ያስወጣል፤ የራስ ቤት ግን የትም አይሄድም ብዬ ነበር። አንድ ነገር ግን ነበረ፤ በዓመቱ ውስጥ ግንባታ ያልጀመረ ሰው ቦታው ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። ያለ ባንክ ብድር ደግሞ እኔ እንኳን ቤት፣ የዶሮ ቆጥም አልሠራ።

ስለ ብድር የማላውቀው ነገር የለም ብዬ አስብ ነበር። ለስንቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ አይደለሁ? ባንክ ከደመወዝህ ከሲሶ በላይ አይቆርጥም። የምትከፍለው ሌላ ዕዳ ካለብህ እሱም ከዚያው ሲሶ ላይ ይታሰብብሃል። ስለዚህ አስቀድሜ ራሴን አጸዳሁ። ለእናቴ ተዝካር ከመሥሪያ ቤቱ ብድርና ቁጠባ ማህበር የወሰድኩት ነበረብኝ። የጆሮ ወርቄን ሸጥኩ፤ ሰባት ወር ሻይ እንኳ ውጭ አልጠጣሁም፤ ከፍዬ ጨረስኩና «ከዕዳ ነጻ» የሚል ወረቀት ማህተም አስመትቼ ያዝኩ። ዋሶቼንም አዘጋጀሁ። ከዚያ ነጠላዬን አጥቤ ለብሼ ወደ ባንክ ሄድኩ።

የብድር ሠራተኛው ልጅ እግር ነው፤ ወረቀቴን አንድ በአንድ አየ። «ስምዎ ንጹህ ነው» አለኝ። «ዕዳ የለብዎትም፣ ዋሶችዎም ጥሩ ናቸው፣ ደመወዝዎም አይከፋም።» ልቤ ሞቀ። ከዚያ ፎርሙን ገለጠና ፎርሙንና እኔን እያፈራረቀ አየ። «አርባ አንድ ዓመት? ኧረ አይመስሉም!»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ፤ ሙገሳ መስሎኝ።

እርሳሱን አንሥቶ ይደምር ይቀንስ ጀመር። «ብድሩ ጡረታ ሳይወጡ ማለቅ አለበት። በሃምሳ አምስት ነው ጡረታ፤ የቀረዎት አሥራ አራት ዓመት ነው። ይህን ገንዘብ በአሥራ አራት ዓመት እንዲመልሱ ካደረግን የየወሩ ክፍያ ከደመወዝዎ ሲሶ ያልፋል። አያስኬድም።»

«የበረሃ አበሌስ? እሱ ቢደመር?»

«አበል ደመወዝ አይደለም። ነገ ደጋ ቢቀየሩ ይቀራል።» እርሳሱን አስቀመጠ። «ሃያ ዓመት የሚቀርዎት ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ አስፈርምዎት ነበር።»

እኔ እኮ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው! ሃያ ዓመትማ አለኝ! ይህን ጮክ ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም፤ ሰልፍ ላይ ያሉት ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ። ልጁ አፍሮ «እኔ የማየው ፋይልዎን ነው» አለኝ። በሻይና በቦምቦሊኖ የሸጥኩት ስድስት ዓመት መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ።

ደግነቱ ያኔ የሠራተኛው ፋይል ሁሉ በአዲሱ ክልል እንደገና እየተደራጀ ነበር። የተሳሳተ ነገር ያለው ሰው የሚያመለክትበት ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢው የአካባቢው ተወላጅ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ አማርኛ በኋላ የለመዱት ቋንቋ ስለሆነ ቃል በቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት። «ሦስት ምስክር አምጪ» አሉኝ። «አንዱ ግን የሥጋ ዘመድ ይሁን። ወሩ ሳያልቅ።» የሥጋ ዘመድ ደግሞ በዚህ ምድር ላይ አንድ ብቻ ነው ያለኝ።

ሌሎቹ ሁለቱ አልከበዱኝም። አንዷ መቱ አብራኝ ታይፕ የተማረች ሴት ናት፤ አሁን ገበያ ውስጥ ሱቅ አላት። ሁለተኛው የአባቴ ጓደኛ የነበሩ የጎሬ ሰው ናቸው፤ አቦቦ እርሻ ልማት ሲሠሩ ኖረው እዚያው ቀርተዋል። በጭነት መኪና ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄጄ አገኘኋቸው። ሽማግሌው ነገሩን ሲሰሙ ሳቁብኝ። «ክርስትናሽን በልቼ የለ እንዴ! ወንድምሽ ያን ቀን ጠላ ቀምሶ ሰክሮ፣ ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አሉ። በማግሥቱ አብረውኝ መጡ።

ወንድሜ ዘንድ የሄድኩት በመጨረሻ ነው፤ የእሱ መምጣት የማያጠራጥር ስለነበረ። ያን ጊዜ ቤት እያሠራ ነበር፤ ፑኝዶ በሠራሁት ባጠራቀምኩት ነው ብሎኛል። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣራ ነው የቀረው። ግቢው ውስጥ ብሎኬት ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት። አባታችን የልደታችንን ቀን በዳዊቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፎት ነበር፤ ዳዊቱ የቀረው ለወንድ ልጁ ነው። «እሱን አምጣልኝ» አልኩት።

«ምስጥ በላው እኮ» አለኝ።

አመንኩት። ጋምቤላ ምስጥ የማይበላው ነገር ምን አለ? የቢሮአችንን በር መቃን በልቶ የለ? «ይሁን፣ አንተ ራስህ ከመጣህ ይበቃል» አልኩት። «ማክሰኞ ጠዋት ነው።» «እመጣለሁ» አለ። ስሰናበተው «ቤትሽ ከቤቴ እንዳይበልጥ ብቻ» ብሎ ቀለደብኝ። እኔም ስቄ ሄድኩ። ሞኝ ነኝ እኮ!

ማክሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ባለሱቋ መሰከረች፤ ሽማግሌው መሰከሩ። ወንድሜ ዘግይቶ ገባ፤ በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፉን ለብሷል። እኔን አላየኝም። ሰብሳቢው ቆመው አስማሉት፣ ከዚያ ጠየቁት። «ይህች ሴት ለአንተ ምንህ ናት?»

«ታላቅ እህቴ ናት» አለ።

ያልሰማሁ መሰለኝ። ሰብሳቢውም አልገባቸውም መሰለኝ ደግመው ጠየቁት። «ታላቅህ? በስንት?»

ያኔ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኔን ግን አላየም፤ ግንባሬን ነው ያየው። «በስድስት ዓመት። እትዬ ናት ያሳደገችኝ» አለ። «ለምን እንዲህ እንደምትል አላውቅም፤ ዕድሜ ያስፈራል።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ! እትዬ! እኔን! ጎሬ ጭቃ ላይ ስወድቅ አንሥቶ በጀርባው ያዘለኝ ልጅ እትዬ አለኝ። ክው አልኩ። ሽማግሌው ግን ብድግ ብለው «አንተ! አንተን እኮ አዝዬሃለሁ! እሷ ስትወለድ ውሃ አቀብል ተብለህ ቅል ሰብረህ ተገርፈሃል!» ብለው ጮኹ። ሰብሳቢው በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። የወንድሜን ፋይል አስመጡና ገለጡት። ውስጡ ካሉት ወረቀቶች አንዱን ጮክ ብለው አነበቡ፤ የባንክ ደብዳቤ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት መሆኑ ታይቶ የሃያ ዓመት የቤት ብድር ተፈቅዶለታል፣ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይላክልን ይላል።

ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። የፑኝዶ ቁጠባ የሚባል ነገር አልነበረም። ያ ግድግዳ የቆመው በብድር ነው፤ ብድሩ የቆመው በቀነሰው አራት ዓመት ላይ ነው። ሰብሳቢው ደብዳቤውን አጥፈው መለሱትና ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «እህቴ፣ ዓይኔ ያያል» አሉኝ ቀስ ብለው። «እጄ ግን የሚፈርመው ያለ ወረቀት አይደለም። የሥጋ ዘመድሽ እንዲህ ብሏል። ፋይልሽም እንዲህ ይላል።» ማመልከቻዬ ውድቅ ተደረገ።

በረንዳው ላይ ደረስኩበትና የሱፉን እጅጌ ጨምድጄ ያዝኩት። «ምን አደረግሁህ? ንገረኝ፣ ምን በደልኩህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማናል።»

«ይስማ!»

«የአንቺ ፋይል ከተነሣ የኔም ይነሣል» አለኝ። ላቡ ከግንባሩ ይንቆረቆራል። «ታናሽ ከሆንሽ እኔ ስንት ነኝ? ቆጥረው ይደርሱብኛል። በትክክለኛው ዕድሜዬ የቀረኝ አሥራ ስድስት ዓመት ነው፤ ደመወዜ አይችለውም። ባንኩ የቀረውን ገንዘብ ይይዝብኛል። ጣራ ሳላለብሰው ይቀራል። ልጆች አሉኝ እኮ። አንቺ ብቻሽን ነሽ።»

«ታዲያ ያን ቀን ብሎኬቱ ላይ ተቀምጠን ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ...» አለ።

«ብትነግረኝ እተወው ነበር! ለልጆችህ ብዬ እተወው ነበር እኮ!» አልኩት። እውነቴን ነበር። ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር አለብኝ፣ ተይልኝ ቢለኝ ኖሮ አልቅሼም ቢሆን እተውለት ነበር። አንጀቴን የቆረጠው ብድሩ አይደለም። ሳይጠይቀኝ፣ እንደማላዝንለት ቆጥሮኝ፣ በሰው ፊት በእግዚአብሔር ስም ምሎ መካዱ ነው። «ዳዊቱንስ እውነት ምስጥ በላው?» አልኩት። ላቡን በመዳፉ ጠረገ። እጅጌውን ለቀቅኩት።

ሽማግሌውን አቦቦ የሚሄድ መኪና ላይ ሳሳፍራቸው አለቀሱ። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ደሜ ፈልቶ እንባውን ያደረቀው ይመስለኛል። ዓመቱ ሞላ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች መጥተው ካርታዬን ተቀበሉኝ። ቦታው ለአንድ ነጋዴ ተሰጠ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማንጎውን መቁረጥ ነው፤ እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ ገበያ መሄድ ጀመርኩ። ኪራዬም እንደገና ጨመረ።

ወንድሜ ቤቱን ጨርሶ ሲያስመርቅ ሦስት ጊዜ ሰው ላከብኝ። በሦስተኛው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ከእሱ በቀር ዘመድ የለኝም፤ ብቀር ደግሞ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሰው ያወራል። ቤቱ ያምራል፤ መዋሸት አልችልም። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ በረንዳው ሰፊ ነው። የልጆቹ እናት ጓዳ ድረስ ወስዳ ከኋላ ያለችውን ሰርቪስ አሳየችኝ። «ላንቺ ያሠራት ናት፤ ኪራይ ምን ያደርግልሻል» አለችኝ። አፌን ብከፍት ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

ቄሱ ጠበል ረጩ። የትምህርት ቢሮ ሰዎች፣ የባንኩ ልጅ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳይቀሩ ተቀምጠዋል። ከማዕዱ በፊት የወንድሜ አለቃ ተነሡና «ቤት ሲገባ የቤተሰቡ ታላቅ ነው የሚመርቀው። ታላቅ እህትህ አሉ አይደል? እሳቸው ይመርቁን እንጂ!» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ። ግን ምን ይበል? እኔ ወደተቀመጥኩበት መጥቶ ጎንበስ አለና «እትዬ፣ ይመርቁን» አለኝ። አንቱ አለኝ።

ተነሣሁ። ሠላሳ ስድስተኛ ዓመቴን የያዝኩ ሴት፣ እንደ አሮጊት ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ መዳፉን ወደ ላይ አደረገ። «ቤቱ የሰላም ቤት ይሁን» አልኩ። «አሜን!» «ልጆች ይደጉበት።» «አሜን!» «እንግዳ ይብላበት፣ ክፉ አይግባበት።» «አሜን!» ወንድሜ እግሬ ሥር በርከክ ብሏል፤ አናቱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማድረጉን አየሁ። በፋይሉ ገና ሠላሳ ስድስቱ ነው። እጄን ራሱ ላይ ጫንኩበት።

«ወንድሜ» አልኩት። «እግዚአብሔር ከኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ፤ ከቀድሞው ሁሉ ይህ ጎላ። አንዲት ሴትዮ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች «እንዲህ ያለች እህት ማን አለው!» ስትል ሰማኋት። አሜን ያላሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሰብሳቢው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር፣ ወንድሜ ደግሞ ከእጄ ሥር ራሱን ቀና ማድረግ አቃተው። ምርቃቱ ከልቤ አልነበረም። ከቀረኝ ዕድሜ ላይ ያን ቀን አንዲት ሰዓት እንኳ ልሰጠው አልፈለግኩም።